የኪስ ዳዊት ስለ መሪዎች ለሚጸልይ ሰው፦ በአራት ኪሎና በፒያሳ የሚሸጡት እትሞች ሲገመገሙ

ስለ አገር መሪዎች ልጸልይ ብሎ ወደ አራት ኪሎ ወይም ወደ ፒያሳ ጊዮርጊስ የወረደ ሰው ንዋየ ቅድሳት መሸጫ ገብቶ «የጸሎት መጽሐፍ» ካለ ባለሱቁ ጠረጴዛውን ይሞላለታል። የዘወትር ጸሎት አለ፣ ውዳሴ ማርያም አለ፣ ድርሳኑና መልክአ መልኩ በየዓይነቱ አለ። ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው መጽሐፍ ግን አንድ ነው፦ መዝሙረ ዳዊት። ምክንያቱ ቀላል ነው። አገር ለሁለትና ለሦስት በተከፈለበት ጊዜ ዛሬ ተጽፎ ዛሬ የሚበተን ጸሎት ከአንዱ ወገን አፍ የወጣ መሆኑ ይታወቃል፤ ሌላው ወገን «አሜን» ለማለት ምላሱ ይከብደዋል። ዳዊትን ግን የመንግሥት ደጋፊውም ተቃዋሚውም ከልጅነቱ ያውቀዋል። በውስጡ ለዙፋን የሚለምን አለ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን የሚገሥጽ አለ፣ በሹማምንት መታመን ከንቱ መሆኑን የሚናገርም አለ። በተራው ከተደገመ አንባቢው የወደደውን ብቻ መርጦ እንዲያልፍ አይፈቅድለትም።

መጽሐፉ ጥሩ ነው ማለት ግን የሚሸጡት እትሞች ሁሉ ጥሩ ናቸው ማለት አይደለም። ይህ ግምገማ በመሐል አዲስ አበባ በብዛት የሚገኙትን አራት ዓይነቶች ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ይመዝናል፤ ለማኅሌት፣ ለትምህርት ወይም ለስጦታ የሚገዛ ሰው ሌላ መመዘኛ ይኖረዋል። ዋጋ አንጽፍም፤ የወረቀት ዋጋ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል፣ አንድ መንገድ ተሻግሮም ይለያያል። የሱቅ አድራሻም አንሰጥም። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ሱቆች ቦታ ቀይረዋልና የድሮውን ምልክት ይዞ መሄድ ጫማ መጨረስ ነው። በካቴድራሎቹ በር አካባቢ ያሉትን መጠየቅ ይበቃል።

መጀመሪያ የመጽሐፉን አከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእትሞቹ ጉድለት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነውና። ሙሉ ዳዊት የሚባለው 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም። ከመዝሙሩ ቀጥሎ 15 ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዐሥር «ንጉሥ» ይባላል፣ በድምሩ 15 ንጉሥ። የሳምንቱ ድርሻም በዚሁ ይሄዳል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አንድ ንጉሥ ድምፅ እያሰሙ ሲያነቡት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ከሁሉ የሚረዝመው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የሚያልቀው በ40 ደቂቃ ገደማ ነው።

በዚህ ድርሻ ውስጥ ስለ መሪዎች የሚለምነው ቃል በየቀኑ ተበትኖ ይገኛል። ሰኞ መዝሙር 19 አለ፤ መጨረሻው «አቤቱ፥ ንጉሥን አድነው» ነው፣ 20ውም በዚያው ይቀጥላል። ማክሰኞ 57 ይመጣል፣ ስለ ግፈኛ ዳኞች፤ ለስላሳ መዝሙር አይደለም። ረቡዕ 71 ነው፤ «አቤቱ፥ ፍርድህን ለንጉሥ ስጥ» ብሎ ይጀምርና ለድሀው የሚፈርድ፣ ረዳት የሌለውን የሚያድን ንጉሥ ይለምናል። የኢትዮጵያ ስም የሚነሣው 67ም በዚሁ ረቡዕ ነው፣ በ71 ውስጥም ኢትዮጵያ ትጠራለች፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ረቡዕን ይያዝ የምንለው ለዚህ ነው። ዓርብ 121 ለከተማ ሰላም ይለምናል፣ 126 ደግሞ እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ እንደሚተጋ ይናገራል። ቅዳሜ 145 ላይ በአለቆች አትታመኑ ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ አለቆች ለለመነ ሰው በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ ቃል ነው። እሑድ በጸሎተ ነቢያት መካከል የምናሴ ጸሎት አለ፤ ከይሁዳ ነገሥታት ሁሉ በክፋቱ ስሙ የተነሣ ንጉሥ ንስሐ የገባበት። በዚያው ክፍል የእመቤታችን ጸሎት ይገኛል፣ ገዥዎችን ከዙፋናቸው ያወረደ፣ ትሑታንን ከፍ ያደረገ የሚለው።

ሐሙስን ለብቻው ማየት ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሐሙሱ ድርሻ በ81 ይከፈታል፤ እስከ መቼ በሐሰት ትፈርዳላችሁ፣ ለድሀና ለድሀ አደግ ፍረዱ ብሎ ፈራጆችን ይገሥጻል። 100 ላይ ሲደርስ ባለ ሥልጣኑ ራሱ ይናገራል፦ በቤቴ ተንኰለኛ አይቀመጥም፣ ባልንጀራውን በስውር የሚያማውን አልታገሥም ይላል። ስለ ሚኒስትሮችና ስለ አማካሪዎች ለሚጸልይ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል የለም፣ አጭርም ነው። ከዚያ 108 ይመጣል። «ዘመኑ ጥቂት ትሁን፣ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ» የሚለው እርግማን እዚህ ነው። በከተማችን «108ን ደገምሁበት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ክርክሩ በጋለ ቁጥር ከሙሉ ዳዊት ውስጥ ይህን አንዱን ቆርጦ አውጥቶ በጠሉት ሹም ስም ላይ መድገም የተለመደ ሆኗል፤ በሌላው ወገን ያለው ጎረቤትም እንዲሁ በሌላ ሹም ላይ ይደግመዋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ይህን ቃል የሚጠቅሰው በይሁዳ ላይ ነው፣ ሹመቱ ባዶ ስለቀረ ሌላ ለመተካት። ያንን አውድ ጥሎ የግል ቂም ማስፈጸሚያ ማድረግ መጽሐፉን ከሥራው ማስወጣት ነው። መፍትሔው መዝሙሩን መዝለል አይደለም። በተራው፣ ከ81ና ከ100 በኋላ፣ የማንም ስም ሳይጠራ ይነበብ። 81ንና 100ን አንብቦ እዚያ የደረሰ ሰው እርግማኑን የሚሰማው ለየት ባለ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ እትሞቹ።

አንደኛው ግዕዝ ብቻ የሆነው ነው። ከተራው የኪስ መጽሐፍ ሰፋ ይላል፣ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ብዙዎቹ በጥቁርና በቀይ ቀለም የታተሙ ናቸው፤ ቅዱሳት ስሞችና ርእሶች በቀይ ይመጣሉ። በንባብ ቤት ዳዊት የደገመ ሰው ከዚህ ሌላ አይፈልግም፤ ምቱ ራሱ ይነዳዋል፣ ሐሙስንም ያለ ድካም ይጨርሳል። ግዕዝ የማይሰማ ሰው ግን ለዚህ ዓላማ አይግዛው። ስለ መሪ የሚጸልይ ሰው ምን እየለመነ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ 57ንና 71ን ሳይለይ በአንድ ዜማ የሚያልፍ አንባቢ የዳኛውን ግሣጼና የንጉሡን ምርቃት አንድ ላይ ይቀላቅላቸዋል። ሌላው ችግር ቁጥሩ በግዕዝ አኃዝ መሆኑ ነው። ፸፩ 71፣ ፻ 100፣ ፻፰ 108፣ ፻፵፭ 145 መሆኑን ያልለመደ ሰው በደብዛዛ ብርሃን ፮ን ከ፯ ያምታታና ከ፻፳፮ ይልቅ ፻፳፯ ላይ ያርፋል። አብዛኞቹ እትሞች ሙሉ ዳዊት ናቸው፤ ጸሎተ ነቢያቱ አይጎድልም፣ እሑድ አይቀርም።

ሁለተኛው አማርኛ ብቻ የሆነ የኪስ ዳዊት ነው፤ በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው። ለሥራ ቦታ፣ ለታክሲ ሰልፍ፣ ለምሳ እረፍት ይመቻል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ፊደሉ በጣም ደቃቅ ነው፤ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ያለ መነጽር መዝሙር 77ን አይወጣውም። ሁለተኛውና የባሰው፣ ከመካከላቸው 150 ላይ ወይም 151 ላይ የሚያቆሙ አሉ። ጸሎተ ነቢያት የላቸውም። የምናሴ ጸሎት የሌለበት ዳዊት ለዚህ ጉዳይ ጎደሎ ነው፤ ስለ መሪ ጽድቅ ስድስት ቀን ለምኖ ስለ መሪ ንስሐ የማይለምን ይሆናል። በሽፋኑ ላይ «ሙሉ» የሚል ስለተጻፈ ብቻ አይመኑ፤ ወደ መጨረሻው ይግለጡና «ጸሎተ ነቢያት» የሚለውን ርእስ በዓይንዎ ይዩ።

ሦስተኛው ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን የያዘው ነው። ለዚህ ሥራ የምንመርጠው ይህን ነው፣ ክብደቱን እያማረርንም ቢሆን። በግዕዙ መድገም፣ ቃሉ ሲከብድ ዓይንን ወደ አማርኛው መወርወር ይቻላል። ጉድለቱ አሰነዳዱ ላይ ነው፤ በደንብ ያልተሰናዳ እትም ከሆነ ግዕዙና አማርኛው በየገጹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ግዕዙ 71 ላይ ሲሆን አማርኛው ገና 70ን አልጨረሰም። ሲገዙ መዝሙር 118ን ይክፈቱ፣ ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ስለሆነ ስሕተቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። 22ቱ ክፍሎች አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያሉ በሁለቱም ዓምድ ትይዩ ከወረዱ መጽሐፉ ደህና ነው። በተለይ የመጨረሻውን ፊደል፣ ታውን፣ በሁለቱም በኩል በአንድ ገጽ ላይ ካገኙት ይግዙት።

አራተኛው በስልክ የሚጫነው መተግበሪያ ነው። ነጻ ነው፣ ፊደል ይተልቃል፣ ሌሊት ያበራል። ግን ስልክ ላይ ስለ መሪዎች መጸለይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ 71 መካከል ላይ የዜና ማሳወቂያ ብቅ ይላል፣ ያውም ሊጸልዩለት የያዙት ሰው ስለተናገረው ነገር። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ጸሎት አይሆንም። መጠቀም ግድ ከሆነ የኢንተርኔት ዳታውን ያጥፉ፣ ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ ይቀይሩ። ሌላው የቁጥሩ ነገር ነው። ብዙዎቹ ነጻ መተግበሪያዎች የ66ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ይከተላሉ፤ በዳዊታችን ከመዝሙር 10 ጀምሮ የእነሱ ቁጥር አንድ ይጨምራል። በዳዊታችን 71 የሆነው እዚያ 72 ነው፤ 81 82፣ 100 101፣ 108 109፣ 126 127፣ 145 146 ይሆናል። ከ148 ጀምሮ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ቢሮ ውስጥ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አብረው ለማንበብ ሲስማሙ የመጀመሪያው ግርግር ከዚህ የሚመጣ ነው፤ አንዱ ስለ ንጉሥ ይለምናል፣ ሌላው 71 ብሎ የሽማግሌውን ልመና ያነባል። ከመጀመራቸው በፊት በመጀመሪያው ቃል ይግባቡ፣ በቁጥር አይደለም። ሰማንያ አሐዱን የያዘ ሰው፣ ለምሳሌ የ2000 ዓ.ም. እትም ያለው፣ መዝሙሩን በዚያም ማንበብ ይችላል፤ ግን ያን ያህል የሚከብድ መጽሐፍ ተሸክሞ ለምሳ እረፍት የሚወጣ ብዙ አይኖርም።

ሲገዙ የሚመረመረው ሌላው የጥራዙ ጉዳይ ነው። ዳዊት በየቀኑ የሚገለጥ መጽሐፍ ነው፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ ከሆነ ጀርባው ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል፣ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀውም ረቡዕና ሐሙስ በሚገናኙበት መሐል ገጽ ላይ ነው። መጽሐፉን በግማሽ ከፍተው በጀርባው ሸለቆ ውስጥ ክር መኖሩን ይመልከቱ። ክር ካለ የተሰፋ ነው። ከዚያ የገጽ ቁጥሩን በጣትዎ ይከተሉ፤ ወረቀቱ በእጥፍ በእጥፍ ስለሚሰበሰብ የጎደለ ሲኖር የሚጎድለው አንድ ገጽ ብቻ አይሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። የተደገመም ያጋጥማል። አውራ ጣትን እርጥብ አድርጎ የቀዩን ቀለም ዳር መንካትም አይከፋም፤ የሚለቅ ቀለም ክረምት ላይ በላብና በዝናብ ገጹን ያቀላል። ከኋላ ያለው ጽሑፍ አልፎ እንዳይታይ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን ያንሡ፤ ስስ ወረቀት ላይ ሁለት መዝሙር በአንድ ጊዜ የሚነበብ ይመስላል። ሽፋንን በተመለከተ ባለ ዚፑ ፕላስቲክ ያምራል፣ ግን ጥርሱ የገጹን ዳር ይበላል። የቆዳ ማኅደር ቢከብድም ይሻላል።

አጠቃቀሙን በአጭሩ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም፣ በስመ አብ ብሎ ማማተብ፣ አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ማድረስ፣ ከዚያ የቀኑን ድርሻ መጀመር። ሙሉውን ለማያደርስ ሰው ከላይ የጠቀስናቸው የየቀኑ መዝሙሮች ይበቃሉ። ሲጨርሱ በመቁጠሪያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ፣ ጊዜ ከሌለ 12 ወይም 7 ጊዜ ማለት የተለመደ ነው። ባለ 41 እና ባለ 64 ፍሬ መቁጠሪያ በነዚሁ ሱቆች አለ፤ ለዚህ 41ዱ ይሁን፣ በ64ቱ ላይ መሐል ቆሞ መቁጠር ያሳስታል።

ስም መጥራት ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። በልማዳችን ለሰው የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነው፤ የባለ ሥልጣኑን የክርስትና ስም ማን ያውቃል? ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም ሊሆን ይችላል። በወንበሩ መጸለይ ይሻላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ፕሬዚዳንቱን፣ ምክር ቤቶቹን፣ 12ቱን ክልሎችና ሁለቱን ከተሞች የሚመሩትን፣ ዳኞችን፣ የጸጥታ አዛዦችን፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከንቲባውን፣ 11ዱን ክፍለ ከተማና ወረዳውን። ሰው ቢሻርና ቢሾም ዝርዝሩ አይበላሽም። ሌላም ጥቅም አለው፤ የማይወዱትን ሰው ስም በከንፈር ሲያነሡ የሚነሣው ንዴት በወንበሩ ስም አይነሣም። ወረዳውን አይርሱ የምንለው ከምር ነው፤ አብዛኛው ሰው ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚያ መስኮት ላይ ነው።

«ንጉሥ የለም፣ ታዲያ ንጉሥ የሚለውን ምን እንበለው?» የሚለው ጥያቄ ከመስከረም 2፣ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ይነሣል። ቃሉን አይለውጡት። በቃሉ ቦታ የዘመኑን ማዕረግ እየተኩ የሚያነቡ አሉ፤ ምቱ ይሰበራል፣ 71ም የአንድ ሹም ውዳሴ ይመስላል። መዝሙሩ የሚለምነው ፍርድን ነው፤ ያ ፍርድ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አንባቢው በልቡ ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ጸልዩ ሲል በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሮምን የሚገዛው ኔሮን ነበር፤ ኤርምያስም በምዕራፍ 29 ምርኮኞቹን ስለ ባቢሎን ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ሁለቱም ለጸሎቱ የመሪውን መልካምነት ቅድመ ሁኔታ አላደረጉም።

በቡድን ሲነበብ የሚበላሸው በመጨረሻው ላይ ነው። ዳዊቱ አልቆ አንዱ «አሁን ደግሞ በራሳችን ቃል» ሲል፣ ልመናው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ዲስኩር ይዞራል። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ተብሎ የሚጀመረው ለእግዚአብሔር ሳይሆን አጠገብ ለቆመው ሰው የሚነገር ነው። የተለያየ አቋም ያላቸው ሰዎች ባሉበት እየተቀባበሉ አንድ አንድ ቁጥር ያንብቡ፣ እግዚኦታውን አብረው ያድርሱ፣ ይበተኑ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነም በእረፍት ሰዓትና ከግቢ ውጭ ይሁን፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል፣ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ዳዊት መግለጥ ጸሎቱን ሌላ ክርክር ያደርገዋል።

ለንባብ የሚሆን ቦታ በአካባቢው ሞልቷል። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ከፓርላማው አጠገብ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አርበኞችም እዚያ አርፈዋል፤ ለመዝሙር 100 ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ታዕካ ነገሥት በዓታ ጸጥታው ይበልጣል፣ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ የተቀበሩበት ነው። ወደዚያ ሲሄዱ ግን ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለሆነ በአጥሩ ሥር ቆሞ ፎቶ ማንሣት አይቻልም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ማንበብም ጠባቂ ያስጠራል፤ ወደ ግቢው ይግቡ። ፒያሳ ጊዮርጊስ፣ በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ የተፈጸመበት፣ ለሥራተኛ ሰው ይቀርባል እንጂ የመኪናው ድምፅ ይገባል። በጾም ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርብ ለምሳ እረፍት የወጣ ሰው ቅዳሴው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዳዊትን መዝጋት ነው፣ በቅዳሴ መካከል የራስን መጽሐፍ መድገም ነውር ነው።

ዓርብ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። 118 ብቻውን የቀኑን ግማሽ ያህል ይይዛል። 121ና 126 የሚመጡት ከሱ በኋላ ነው፤ ሰው 118 ላይ ትንፋሹ ያልቅና ለከተማው ሰላም የሚለምነውን ሳይደርስበት ይዘጋዋል። ጊዜ ካጠረ 118ን ለጠዋትና ለማታ ይክፈሉት፣ ከአሌፍ እስከ ካፍ ጠዋት፣ ከላሜድ እስከ ታው ማታ፤ 121ና 126ን ግን ቀድመው ያንብቧቸው።

ጥራዙ ከተፈታ አይጣሉት። መጽሐፍ ጠራዥ በክር ሰፍቶ ይመልሰዋል፣ አዲስ ከመግዛትም ይረክሳል። ሲሰጡት ዳሩን እንዳይቆርጠው አስቀድመው ይንገሩት፤ በብዙዎቹ እትሞች የመዝሙሩ ቁጥር በገጹ ዳር ስለሆነ ጠራዡ ዳሩን ሲያስተካክል ፻ው ይቆረጥና ፻፰ ፰ ሆኖ ይቀራል።